ካሜራ ይዞ ወደ ራጃስታን፦ ከመክፈልዎ በፊት፣ ከማንሳትዎም በፊት

የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ራጃስታንን ስሟን ባያውቅ እንኳ መልኳን ያውቃል። ቢጫ አሸዋ፣ ቀይ ጥምጣም የጠመጠመ ሪዛም ሽማግሌ፣ ያጌጠ ግመል፣ በራሷ ላይ እንስራ ደራርባ የምትሄድ ሴት። አዎ፣ ያች አገር ናት። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ወደዚያ የሚሄደው ሰው ለማየት ብቻ ሳይሆን ፎቶ ለማንሳት ነው። ካሜራ ለሚወዱ ሰዎች ተብሎ የተሰናዳ፣ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ «የፎቶ ጉብኝት» የሚሸጡ አስጎብኚዎች በአሜሪካም በአውሮፓም በዝተዋል። ዋጋው ከአውሮፕላን ትኬት ውጭ ብዙ ጊዜ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ምን ይገዛል? ምንስ አይገዛም? ሁለቱን ለይቶ የሄደ ሰው ጥሩ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ሕሊናም ይዞ ይመለሳል።

በረሃው ለምን እንዲህ ደመቀ?

ራጃስታን በሰሜን ምዕራብ ህንድ ከፓኪስታን ጋር የምትዋሰን፣ በስፋቷም ከህንድ ግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ የሆነች ናት። ወደ 342,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ምዕራቧን የያዘው የታር በረሃ ነው። የዝናቡን ደመና የሚያመጣው ነፋስ የአራቫሊን ተራሮች ታክኮ፣ ጎን ለጎን ስለሚያልፍ ደመናው ሳያራግፍ ይሄዳል። ሙቀቱ ቀልድ አይደለም፤ በሜይ 2016 ፋሎዲ በምትባል ከተማ 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መሬቱ አንድ ዓይነት ቀለም ሲሆን ሰዉ ቀለሙን ለብሶ ይሄዳል። ግን ልብሱ እንዲያው ለማማር ብቻ አይደለም። የወንዶቹ ጥምጣም፣ እነሱ «ፓግሪ» የሚሉት፣ በርካታ ሜትር ሊረዝም ይችላል። አጠማጠሙና ቀለሙ ሰውዬው ከየት አካባቢና ከየትኛው ማኅበረሰብ እንደሆነ፣ ደስታ ላይ ይሁን ሐዘን ላይ ይናገራል። በዝናብ ወቅት እንደ ውኃ ማዕበል የተሰመረው «ሌሄሪያ» የተባለ ጨርቅ ይለበሳል። «ባንዳኒ» የሚባለው ደግሞ ጨርቁ በክር እየተቋጠረ ነጥብ ነጥብ ሆኖ የሚነከር ነው። እኛስ ብንሆን በነጠላ አጣጣል ሐዘንተኛውን ከቀዳሹ እንለይ የለም?

ከተሞቹም የየራሳቸው ቀለም አላቸው። ዋና ከተማዋ ጃይፑር በ1727 የተቆረቆረች ሲሆን፣ በ1876 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ሲመጣ ለክብሩ ሮዝ ተቀባች፤ እስካሁንም «ሮዟ ከተማ» ትባላለች። ጆድፑር የሰማያዊ ቤቶች ከተማ ናት። ለምን ሰማያዊ እንደሆኑ ሲጠየቅ አንዱ የብራህሚኖች ምልክት ነው ይላል፣ ሌላው ቤት ያቀዘቅዛል፣ ሌላው ምስጥ ይከላከላል ይላል። በ1156 የተመሠረተችው ጃይሳልመር ደግሞ ከቢጫ ድንጋይ የተሠራች ስለሆነች ጀምበር ልትጠልቅ ስትል እንደ ወርቅ ታበራለች። ምሽጓ ሙዚየም ብቻ አይደለም፤ ሰው ይኖርበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል።

ከጃይፑር ሳንወጣ አንድ ነገር እንይ። በ1799 የተሠራው ሃዋ ማሃል 953 ትናንሽ መስኮቶች አሉት። የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ማንም ሳያያቸው የመንገዱን በዓልና ሰልፍ እንዲያዩበት የተሠራ ነው። ይቺን ነገር ያዟት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በዓላቱ መቼ ናቸው?

ብዙዎቹ በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ልክ እንደ ፋሲካችን። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የዚያን ዓመት ቀን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የፑሽካር የግመል ገበያ በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር (ጥቅምትና ኅዳር) መካከል ሲሆን፣ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ቀን ያበቃል። በዚያ ቀን ምእመናን 52 የመታጠቢያ ደረጃዎች ባሉት ቅዱስ ሐይቅ ይጠመቃሉ።

የጃይሳልመር የበረሃ በዓል በጥርና በየካቲት መካከል ለሦስት ቀን ይከበራል። የጥምጣም አጠማጠም ውድድር፣ የሪዝ ርዝመት ውድድር፣ የግመል እሽቅድምድም አለ። ይህ ለጎብኚ ተብሎ የተሰናዳ ስለሆነ ካሜራ ማንንም አይረብሽም። ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው።

ሆሊ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መካከል ይውላል። በዋዜማው ማታ እንደኛ ደመራ እሳት ይነዳል፤ በማግስቱ ሰው ሁሉ ቀለም ይረጫጫል።

ከሆሊ ማግስት ጀምሮ ለ18 ቀናት የሚቆየው ጋንጋውር የሴቶች በዓል ነው። ያገቡት ለባላቸው ጤና፣ ያላገቡት መልካም ባል ለማግኘት ይጸልያሉ። ልጃገረዶች በውስጡ መብራት የበራበት፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ማሰሮ በራሳቸው ተሸክመው በማታ ይዞራሉ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ቲጅ አለ፤ ሴቶች በዛፍ ላይ ዥዋዥዌ የሚጫወቱበት የዝናብ በዓል።

ገንዘብዎ የሚገዛው

የፎቶ ጉብኝት ከተራ ጉብኝት የሚለየው በሰዓቱ ነው። ተራ አስጎብኚ ቁርስ አብልቶ በአራት ሰዓት ያወጣዎታል፤ ያኔ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፣ ፊት ሁሉ በጥላ ተሸፍኗል። የፎቶ አስጎብኚ ግን ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅስዎታል። ፑሽካር ላይ በማለዳ የግመል አቧራና የሻይ ማፍያው ጭስ ከዝቅተኛው ብርሃን ጋር ሲደባለቅ የሚታየውን ነገር በቀትር አያገኙትም። ቀን ዕረፍት፣ ከሰዓት ወደ ማታ እንደገና መውጣት፣ ማታ ደግሞ ተሰብስቦ የቀኑን ፎቶ መገምገም ነው ሥራው።

ሁለተኛው ጥቅም ቋንቋ የሚያውቅና ሰው የሚያውቅ የአገሩ መሪ ነው። ቤት የሚያስገባ፣ ሻይ የሚያስጠጣ፣ «ይህች ሴት አትፈልግም፣ እንተዋት» የሚል ሰው።

የማይገዛው ነገር ደግሞ አለ። በአሸዋው ጫፍ ላይ ግመል እየሳቡ የሚሄዱት፣ እንስራ ተሸክመው የሚያልፉት ሴቶች ብዙ ጊዜ በአስጎብኚው ተከፍሏቸው የቆሙ ናቸው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሥራቸው ነው። ነውሩ ያንን ፎቶ ይዞ መጥቶ «በድንገት ያገኘሁት የበረሃ ሕይወት» ብሎ መለጠፍ ነው። የተሰናዳውን የተሰናዳ ነው ይበሉ።

በዚህ ረገድ ራጉቢር ሲንግ የሚባለውን ፎቶ አንሺ ሥራ ማየት ይጠቅማል። በ1942 ጃይፑር ተወልዶ በ1999 ያረፈ የአገሩ ልጅ ነው። «ቁም ነገረኛ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው» ይባል በነበረበት ዘመን ህንድን በቀለም አነሳ። በሥራዎቹ ውስጥ ጥምጣምና ግመል ብቻ ሳይሆን አውቶቡስ፣ ሱቅ፣ አሮጌ መኪና፣ የጎዳና ግርግር አለ። የራጃስታን ቀለም በበዓል ልብስ ብቻ ሳይሆን በዕለት ኑሮም ውስጥ እንዳለ ያሳያል።

ግመሉ ሲያንስ ካሜራው ሲበዛ

ፑሽካር ስንሄድ ማወቅ ያለብን አንድ እውነት አለ። ሰው ሁሉ ሊያነሳው የሚጎርፈው የግመል ገበያ እየሳሳ ነው። በህንድ መንግሥት የእንስሳት ቆጠራ መሠረት በ2012 በአገሪቱ ወደ 400,000 የነበረው የግመል ቁጥር በ2019 ወደ 250,000 ወርዷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ያሉት ራጃስታን ውስጥ ነው።

ለምን? ትራክተርና የጭነት መኪና የግመልን ሥራ ወሰዱት። የግጦሹ መሬት ታጠረ፣ በመስኖ ታረሰ። በ2014 ግመል የግዛቲቱ ምልክት እንስሳ ተብሎ ተሰየመ፤ በ2015 ደግሞ እንዳይታረድ፣ ከግዛቲቱም እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሐሳቡ ግመሉን ለማዳን ነበር። ግመል አርቢዎቹ ራይካዎች ግን የሚሉት ሌላ ነው፦ ገዢ ጠፋ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ማርባቱም አላዋጣ አለ። ራይካዎች ሺቫ የተባለው አምላካቸው ግመልን እንዲጠብቁ እንደፈጠራቸው የሚያምኑ ሕዝቦች ናቸው። ልጆቻቸው አሁን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወርዳሉ። እንስሳ አርቢ ዘመድ ላለው ለእኛ ሰው ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም፤ ቦረናም አፋርም ሶማሌም ግጦሽ ሲጠብ ምን እንደሚሆን ያውቁታል።

ይህ ለፎቶ አንሺው ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ እውነተኛው ንግድ የሚካሄደው ከበዓሉ ይፋዊ መክፈቻ በፊት ባሉት ቀናት ነው። ሙሉ ጨረቃዋ ስትደርስ ብዙዎቹ ነጋዴዎች ግመላቸውን ይዘው ሄደዋል፤ የቀረው ካሜራና የፌሪስ መዘውር ነው። ስለዚህ ከአንድ ሳምንት በላይ ቀደም የሚል ጉብኝት ይምረጡ። ሁለተኛ፣ በአንድ ሽማግሌ ዙሪያ አሥር ሌንስ ከተደቀነ እርስዎ አሥራ አንደኛ አይሁኑ። ዘወር ይበሉ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ሻይ ይግዙ። ግመሉ ስንት እንደሚያወጣ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ በአስተርጓሚ ይጠይቁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚነሳው ፎቶና ሲደርሱ የሚነሳው ፎቶ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ሰውን ስናነሳ

እኛ ከሌንሱ ማዶም ቆመን እናውቃለን። ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ የገባው በ2019 ነው፤ ጎንደር ወይም ጃን ሜዳ የቆመ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ያየው ነገር አለ። ታቦት ሲያልፍ አንገቷን ደፍታ በምትጸልይ እናት ፊት ላይ ሳይጠየቅ የሚደቀን ሌንስ። ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ሰው በፎቶ ተቆጥሮ ሲከፈለውም ሰምተናል። ያ ያልተመቸን ነገር ራጃስታን ስንሄድ እኛው እንዳንደግመው።

ሃዋ ማሃልን ያስታውሱ። በገጠሩ ራጃስታን ዛሬም ብዙ ያገቡ ሴቶች በባዕድ ወንድና በአማቶቻቸው ፊት ፊታቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ። ሻሽዋን ወደ ፊት የሳበች ሴት መልሷን ሰጥታለች፤ እንድትገልጥ መጠየቅም፣ በርቀት ሌንስ መስረቅም ያው ነው። ሴት ተጓዦች እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው፤ ወንድ ወደማይገባበት ጓዳ እነሱ ይጋበዛሉ።

ፑሽካር ሐይቅ ደረጃዎች ላይ ጫማ ይወልቃል፤ የሚታጠቡ ሰዎችን ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ምልክቱ ተለጥፏል፣ «ሁሉም እያነሳ ነው» ማለት ሰበብ አይሆንም።

ስለ ክፍያ ደግሞ፦ ለፎቶ ለብሶ የቆመ ሰው ሠራተኛ ነውና ከማንሳትዎ በፊት ዋጋ ተስማምተው ይክፈሉት። ለሕፃናት ግን ገንዘብ አይስጡ፤ ከትምህርት ቤት ይልቅ ጎብኚ ማሳደድ ያዋጣል ብለው እንዳይማሩ። ማታ ድንኳን ድረስ መጥተው የሚጫወቱት ማንጋኒያሮች ሙስሊሞች ሆነው ሳለ በሂንዱ ጌቶቻቸው ሠርግና ልደት ላይ ለትውልድ ሲዘፍኑ የኖሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ በመተላለፉ ከአዝማሪዎቻችን ጋር ይመሳሰላሉ። የካልበሊያዎች ዘፈንና ጭፈራም በ2010 ዩኔስኮ ተመዝግቧል። ለእነዚህ ሰዎች በቂ እንደሚከፈላቸው አስጎብኚውን ይጠይቁት።

«ፎቶውን እልክልሃለሁ» ካሉ ይላኩ። ካልቻሉ ቃል አይግቡ። ትንሽ የእጅ ማተሚያ ይዘው ቢሄዱና እዚያው ቢሰጡ ከብር የበለጠ ደስ ያሰኛል።

ለካሜራዎና ለሞባይልዎ

አሸዋና የሆሊ ዱቄት የካሜራ ጠላት ናቸው። ሜዳ ላይ ሌንስ አይቀይሩ። በሆሊ ዕለት ካሜራውን በፕላስቲክ ሸፍነው ክፍተቱን በፕላስተር ያሽጉ፤ ዓይንዎን በመነጽር ይጠብቁ፤ ፀጉርና ቆዳዎን ቀድመው ዘይት ይቀቡ፣ ቀለሙ በቀላሉ ይለቃል። ግርግሩ ውስጥ ሴቶችን የሚያስቸግሩ ጎረምሶች ስለማይጠፉ ሴቶች ከቡድናቸው ባይለዩ፣ ወይም ከሰገነት ላይ ቢያነሱ ይመረጣል።

የሚሮጥ ግመል እንዳይደበዝዝ የሻተሩን ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ያድርጉት። ሞባይል ብቻ ካለዎትም አይከፋም፤ ጀምበር ስትጠልቅ ሰማዩን በጣትዎ ነክተው ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፣ ግመሎቹ እንደ ጥላ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ባትሪና ማስቀመጫ ካርድ ትርፍ ይያዙ።

ድሮን ግን ቤት ይተዉት። ህንድ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ድሮን ወደ አገር ማስገባት ከልክላለች፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰድብዎታል። በጥንታዊ ቅርሶች ውስጥ ትራይፖድ ለመትከልም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት

አስጎብኚውን እነዚህን ይጠይቁ። በቡድኑ ስንት ሰው አለ? ከአሥር በላይ ከሆነ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ መጠጋጋቱን ያስቡት። በበዓሉ ስፍራ ስንት ማለዳ እናድራለን? አንድ ከሆነ አይበቃም። የአገሩ መሪ ማነው፣ ሴት አስተርጓሚስ አለች? ብቻውን ለሚያድር ሰው ተጨማሪ ስንት ይከፈላል? ለፎቶ የሚቆሙ ሰዎች ይከፈላቸዋል? ብሰርዝ ገንዘቤ ይመለሳል?

ዋጋው ከከበደ ሌላ መንገድ አለ። ከደልሂ ጃይፑር 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በባቡርም በመኪናም ይኬዳል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሾፌርና የአካባቢ አስጎብኚ በቀጥታ ብትቀጥሩ ዋጋው በጣም ይቀንሳል፤ ጎህ ሲቀድ መነሳት በነፃ ነው። ከፑሽካር ግርግር የሚሸሽ ሰው ደግሞ በጥርና በየካቲት የሚውለውን የናጋውርን የከብት ገበያ ይይ፤ ጎብኚው ያነሰ ነው።

ቪዛው በያዙት ፓስፖርት ይወሰናልና በህንድ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ደልሂ የሦስትና አራት ሰዓት በረራ ቢሆንም፣ እዚያ የምትሠሩ የመመለሻ ፈቃዳችሁ መጽናቱን ሳታዩ አትውጡ። ከሁሉ የሚረሳው የቢጫ ወባ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ በህንድ የቢጫ ወባ ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ አገር ቤት ቤተሰብ ጠይቀው ወደ ህንድ የሚቀጥሉ ከሆነ ከጉዞው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከትበው ካርዱን ይያዙ። ያለ ካርድ የደረሰ ሰው በለይቶ ማቆያ ሊቆይ ይችላል።

ለጿሚዎች አንድ ምክር። ፑሽካር ውስጥ ሥጋም እንቁላልም መጠጥም አይሸጥም፤ ግን «አትክልት ብቻ» ማለት ጾም ማለት አይደለም፣ ቅቤና እርጎ የማይገባበት ወጥ ጥቂት ነው። ሆሊ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። «ቅቤ የለበትም? ወተት የለበትም?» ብሎ መጠየቅ ይለመድ።

ሲመለሱ

ከዚያ ሁሉ ጉዞ ሦስት አራት ሺህ ፎቶ ይዘው ይመለሱ ይሆናል። ሠላሳውን ይምረጡና ያሳትሙ፣ አልበም ውስጥ ይግቡ። በእያንዳንዱ ሥር ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከሁሉም በላይ የሰውየውን ስም ይጻፉ። ስሙን ለመጻፍ ግን እዚያው ሳሉ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ስም የጠየቁትን ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አንስቶ መሄድ አይቻልም። ልጅዎ አልበሙን ገልጦ «ይሄ ማነው?» ሲል «አንድ ጥምጣም የጠመጠመ ሰውዬ» ከማለት ስሙን ጠርቶ፣ ስንት ግመል እንደነበረውና አሁን ስንት እንደቀረው መንገር ይሻላል።